ግድግዳው የሚመልስላት ሴት

እትዬ ልብስ በመተኮስ ነው የኖረችው። ከአንድ ሕንጻ ሥር ባለች ርጥብ ክፍል ከባሏ ከጋሼ ጋር ሲተኩሱ ኖረው፣ እሱ ሲሞት ካውያው ለእሷ ብቻ ቀረ። ውሃ መርጫ ገዝቼላት አልነካችውም። እንደ እሱ ውሃ በአፏ ትሞላና ሸሚዙ ላይ እፍፍ ብላ ትረጫለች።

ከርጥበቱ የያዛት ሳል ሲብስባት እኔ ጋ እንድትኖር ለመንኳት። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ለተማሪ እንጂ ለእትዬ የሚበቃ ምላስ የለኝም።

"ጋሼን ለማን ትቼው?" አለችኝ።

"እትዬ፣ ጋሼ እኮ ሞቷል።"

"ሞቷል? ታዲያ ማነው የሚመልስልኝ?"

ውሃ ተጎንጭታ ረጨች። ጠረጴዛው የተጠጋበት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተርገፈገፈ። ጋሼ በሕይወቱ ሳለ ሦስቴ ካልጠሩት አቤት የማይል ሰው ነበር፤ ይህን ልነግራት ብዬ ፈራሁ።

መብራት ይዤ ተጠጋሁ። እግራቸው እንደ ክር የቀጠነ፣ ሸረሪት የሚመስሉ ፍጥረቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው ግድግዳውን አልብሰውታል። ሸረሪት ግን አይደሉም። ሸረሪት ወገብ አላት፤ የእነዚህ ገላ ወገብ የሌለው አንድ ፍሬ ምስር ነው። ድር አያደሩም፣ መርዝም የላቸውም። ቀን በርጥብ ጥግ ተሰብስበው ይውሉና ሲመሽ የሞተ ትንኝ ፍለጋ ይወጣሉ። አንዱን ልይዝ ስል እግሩን ጥሎልኝ አመለጠ። ባለቤቱ ከሄደ በኋላም እግሩ መዳፌ ላይ ይፈራገጥ ነበር።

"አላልኩሽም?" አለች እትዬ እግሩን እያየች።

"ትንፋሽ ሲነካቸው ነው አብረው የሚንቀጠቀጡት። ጠላት ለማደናገር።" እፍ አልኩባቸው። ግድግዳው ተርገፈገፈ።

ፊቷ ጠቆረ። "ለማንም ይመልሳል ማለት ነው?"

ካውያውን አስቀምጣ ግድግዳው ሥር መጥታ ቆመች።

"እስቲ ትንፋሽሽን ያዢ" አለችኝ።

ሁለታችንም ያዝን። አንዲት እግር እንኳ አልተነቃነቀችም። እኔ አቅቶኝ ፊቴን አዙሬ ተነፈስኩ፤ እሷ ግን ደረቷ በሳል እየታገለ ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች።

"አንተ ሰውዬ" አለች በመጨረሻ፣ ጋሼን ትጠራበት በነበረው ድምፅ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግድግዳው ሳይደገምለት፣ በአንድ ጥሪ ተንቀጠቀጠ። በቀብሩ ዕለት እንኳ ዕንባ ያልወጣት እትዬ፣ ያኔ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።