ፀሐይ ከማትወጣበት አገር የመጣ ሰላምታ

ጊንጪ አጠገብ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ አራተኛ ክፍልን የያዘች አንዲት መምህርት ነበረች። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ስለነበር የምትለው ሁሉ ይሰማኛል። ልጆቿ ሲስቁ የእኔዎቹ ልባቸው ወደዚያ ይሸፍታል። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር፤ እየቆየ ግን እኔም ጠመኔዬን እንደያዝኩ ማዳመጥ ጀመርኩ።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ለምታውቃቸው ሰዎች በኢሜይል ጽፋ፣ "ለተማሪዎቼ አጭር ሰላምታ ላኩልኝ፤ የት እንዳላችሁና በመስኮታችሁ ምን እንደሚታይ ብቻ ንገሯቸው" ብላ ለምናቸው ነበር። መልሱ ሲመጣ ከስልኳ ወደ ሰሌዳው ትገለብጠዋለች። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያነቡታል፤ ከዚያ በአፋን ኦሮሞ ይከራከሩበታል።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ሁለት ሰላምታ አብሮ ደረሰ። አንዱን የላኩት በቤተ ክርስቲያኗ በኩል የተዋወቀቻቸው ኖርዌያዊት ጡረተኛ ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ፀሐይ መውጣት ካቆመች ሰንብታለች፤ ቀኑንም መብራት አብርተው ነው የሚውሉት። ሌላውን የላከው አውስትራሊያ የጭነት መኪና የሚነዳው የአጎቷ ልጅ ነው፤ እሱን ደግሞ ሙቀቱ እንቅልፍ ነስቶታል።

"ቲቸር፣ ከሁለቱ አንዳቸው እየዋሹ ነው" አለ አንድ ልጅ።

"ማን ይመስልሃል?"

"ሴትዮዋ። ፀሐይ የት ትሄዳለች?"

መምህርቷ ወዲያው መጥታ የክፍሌን በር አንኳኳችና "ተማሪዎችህን ይዘህ ና፤ ለትንሽ ጊዜ ፀሐይ ትሆንልኛለህ" አለችኝ። መስኮቶቹን ዘጋን። የስልኬን ባትሪ አብርቼ መሐል ቆምኩ። እሷ ምድር ናት ብላ አንድ ብርቱካን በስንጥር ወግታ፣ ዘንበል አድርጋ እንደያዘች ዞረችኝ። ከአንድ ቦታ ስትደርስ ቆመችና ብርቱካኑን ለዚያ ለጠያቂው ልጅ ሰጠችው። ቢያሽከረክረው ቢያሽከረክረው የላይኛው ጫፍ ከጨለማው አልወጣም።

"ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቂልኝ" አላት ቀስ ብሎ።

"ራስህ ጻፍላቸው" አለችው። የዚያን ቀን እንግሊዝኛ ትምህርት ይቅርታ አጠያየቅ ሆነ።

ሰው ሁሉ ሊበተን ሲል፣ አንድም ቀን እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሣች። "ፀሐይ ከሌለች ሣር የለም። ታዲያ ላሞቻቸው ምን ይበላሉ?"

መምህርቷ "እኔም አላውቅም። ጠይቂያቸው" አለቻት።

ሴትዮዋም አላወቁትም ኖሯል። ከብት ያለው ገበሬ ድረስ ሄደው ጠይቀው፣ በነጭ ላስቲክ የተጠቀለሉ ትልልቅ የሣር ጥቅሎች ፎቶ ላኩ። ፀሐይ በምትወጣበት ወራት እርጥቡን አጭደው ያሽጉታል፤ ላሞቹ የጨለማውን ወራት እሱን ይበላሉ። ስልኩ በክፍሉ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ጥቂት ቆይቶ የልጅቷ አባት ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ ትምህርት ቤት መጡ። "ባርሲስቱ" አሏት፤ በኦሮምኛ መምህርት ማለታቸው ነው። "ልጄ የነገረችኝ እውነት ነው? እርጥብ ሣር ሲታሸግ አይሻግትም?"

ከልጃቸው ጎን አስቀመጠቻቸውና ጥያቄያቸውን ተማሪዎቹ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱት አደረገች። ተላከ። መልሱ ሳይመጣ ግን በአካባቢያችን ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሳምንታት አለፉ። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት "መጣ?" ይላሉ። ነገሩ በዚያው የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከእኛ ብዙም በማትርቀው በሸነን ከተማ ከምታስተምር ጓደኛዋ ጋር ተነጋግራ የሁለቱ ክፍል ልጆች በአውቶቡስ ሰላምታ መለዋወጥ ጀመሩ። የእኛዎቹ ስለ ኖርዌይ ጨለማ የሚያውቁትን ያህል ስለ ሸነን እንደማያውቁ ያኔ አዩ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ መልሱ ጠብቋቸው ነበር፦ አየሩ ተረግጦ ካልወጣ ይሻግታል። አባትየው እኛ ጋ ዝናቡ አልፎ ክረምቱ ሲወጣ ከጓሯቸው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ላስቲክ አንጥፈው፣ ሣሩን ረግጠው ሞከሩት። ከላይ ያለው ተበላሸ፤ የታችኛውን ላሚቱ በላችው። ከበላችው ላይ አንድ እፍኝ በፌስታል ይዘው፣ መምህርቷ ከልጆቹ ጋር አብራ አልፋ እስከያዘችው አምስተኛ ክፍል ድረስ አመጡ።

እኔም ሄጄ አሸተትኩት። ኮምጠጥ ይላል። አንዱ ልጅ እርሾ ነው ሲል ሌላው ጠላ ነው አለ። ይህን ሽታ ለሴትዮዋ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጽፉላቸው ክርክር ተነሣ፤ መምህርቷ ጣልቃ ሳትገባ ጥግ ላይ ቆማ ትሰማቸዋለች። ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ልጆች ለአንድ ቃል እንደዚያ ሲጨነቁ ግን አይቼ አላውቅም። አባትየው ደወል እስኪደወል ድረስ ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው አብረው ተከራከሩ።