የማተሚያው ካርዶች

ለፋሲካ ቢቸና ስገባ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የወረደልኝ በግ ሳይሆን የካርቶን ሣጥኖች ነበሩ። ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ክፍል የሚሞላ ኮምፒዩተር ነበረን። ያን ጊዜ ፕሮግራም የሚጻፈው ወፍራም የወረቀት ካርድ እየተበሳ ነው፤ እያንዳንዱ ካርድ አንድ መስመር ትዕዛዝ ይይዛል።

ሣጥኖቹ ውስጥ የነበረው ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ዋናው ፕሮግራም ነው። ከእኔ በፊት የጻፉት ሰዎች ጉድ ሠርተውታል። ካርድ አንባቢውን፣ ቴፑንና ማተሚያውን የሚያንቀሳቅሰው ትዕዛዝ ሁሉ በዋናው ሆድ ውስጥ ተደበላልቋል፤ አንዱን ነካ ሲያደርጉት ሌላው ይበላሻል። አዲስ ማተሚያ ሊመጣ ስለነበር አለቃዬ የእያንዳንዱን መሣሪያ ትዕዛዝ አውጥቼ ለየብቻው እንዳስር፣ በዋናው ውስጥም መሣሪያውን የሚጠራ መስመር ብቻ እንድተው አዘዘኝ። ኮምፒዩተሩ ለጥገና ቆሞ ነበርና ካርዶቹን ለበዓል ይዣቸው ወጣሁ። ሌላ ቅጂ እንኳ የለንም፤ ድፍረቴ አሁንም ይገርመኛል።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ቤታቸው ወለል ላይ ሰሌን አንጥፌ፣ ብርሃን እንዲገባ በሩን ከፍቼ፣ ካርዶቹን እየለየሁ ማሰር ጀመርኩ። የሚያልፍ የሚያገድመው ያየኛል። ያን ሰሞን ደግሞ የአገሩ ወሬ ሁሉ አዲስ ስለሚጣለው የመሬት ግብር ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ በሣጥን የታጨቀ ካርድ በየዓይነቱ ሲለይ ያየ ሰው ምን ይበል? መጀመሪያ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ቀጥሎ አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ በራችን ላይ ብዙ ቆይተው፣ "ልጄ፣ የእኔዋ የትኛዋ ናት? እባክህ አውጣልኝ" አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

አጎቴ ከሞጣ በበቅሎ የመጡት በማግስቱ ነው። ፊታቸው አላማረኝም።

"እኛ ዘንድ የመንግሥት ወረቀት የተገኘበት ቤት አመድ ሆኗል" አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። "እዚህ ደግሞ ገበያው ሁሉ የሚያወራው ይህን ቤት ነው።"

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡ።

"መሪጌታ፣ እርስዎን እናምናለን። ይህ ነገር ከመሬታችን እንደማይገናኝ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይማሉልን። ካልማሉልን ግን ጎረምሶቹን መያዝ አንችልም።"

አባቴ እሺ አሉ። እኔም ተነፈስኩ፤ ካርዶቹ ላይ የማንም መሬት የለማ! ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን አባቴ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አንዱን እስር አነሡ።

"ይህስ ምንድን ነው?"

"ማተሚያውን የሚያንቀሳቅስ ነው። ወረቀቱን ይስባል፣ ፊደሉን ያስመታል።"

"የሰው ስም አለበት?"

"የለበትም። የሚጽፈውን አያውቅም፣ የሰጡትን ይጽፋል።"

"ግብር ጻፍ ቢሉትስ?"

መዋሸት ፈልጌ ነበር። ዓይናቸውን እያየሁ አልሆነልኝም። "ይጽፋል" አልኩ።

"እንግዲያውስ አልምልም።"

"ቤቱን ያቃጥሉታል እኮ!" ብዬ ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ የጮኽኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አልተቆጡም። እስሩን በእጃቸው እያገላበጡ፣ "ይህ ቢጠፋ የቀረው ይሞታል?" አሉኝ።

ተለይቶ ወጥቷልና አይሞትም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ሕዝቡ ሁሉ እያየ፣ አባቴ የማተሚያውን እስር እሳት ውስጥ ጨመሩት። "መሬታችሁን ሊጽፍ ይችል የነበረው ይህ ነው" አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቤታችን ተረፈ። የእኔዋ የትኛዋ ናት ያሉኝ ሽማግሌ ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ምርቃቱ ከበደኝ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ተመልሼ የሆነውን ስናገር አለቃዬ ያባርረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን የቀሩትን እስሮች አየና ሳቀ። "የተቃጠለው የአሮጌው ማተሚያ አይደለም እንዴ? ድሮም የሚጣል ነበር። ለአዲሱ አዲስ ትጽፋለህ።"

ጻፍኩ። ከዋናው አንድ ካርድ እንኳ መንካት አላስፈለገኝም፤ ሥራዬ ሠምሮ ነበር። አዲሱ ማተሚያ የመጀመሪያውን ሥራ ሲጀምር አጠገቡ ቆሜያለሁ። ወረቀቱ እየተዘረገፈ ወጣ። ከላይ በላቲን ፊደል ቢቸና ይላል፤ ከሥሩ የሰው ስም፣ ከስሙ ጎን ግብር። ወረቀቱን ሳብ አድርጌ የእኚያን ሽማግሌ ስም ፈለግሁ፤ አገኘሁት።