ክሩ ሲበጠስ የዋለበት ቀን

ባሌ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ቀበሌ ስሙን የጠራ ሰሞን የስፌት መኪናውን ተሸክሞ አዲስ ከተማ ወዳለው ቤታችን አመጣና እኔን ማስተማር ጀመረ። ቀሚስና ሱሪ ለመማር ጊዜ ስላልነበረን የመረጠልኝ በሁለት ጨርቅ መሃል ጥጥ እየተነጠፈ የሚሰፋውን ድርብ ብርድ ልብስ ነው። ስፌቱ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፤ የሚያስቸግረው የክሩ ውጥረት ነው። የታችኛው ክር ወደ ላይ ብቅ ካለ የላይኛው ጠብቋልና ማላላት፣ ከሥር ከተንዠረገገ ደግሞ ላልቷልና ማጥበቅ። ክሮቹ ጥጡ ውስጥ ተገናኝተው መቅረት አለባቸው። ጣቴን በጣቱ ይዞ ውጥረቱን የምታስተካክለውን ትንሿን ቡሎን ያዞራት ነበር።

“አትቸኩዪ፤ ትንሽ አዙረሽ እዪው” ይለኛል።

ከሄደ በኋላ እኔና እናቱ በዚያ ሥራ ኖርን። እኔ ስሰፋ አማቴ ከመኪናዋ ማዶ ተቀምጠው ከባዱ ብርድ ልብስ እንዳይጎትተኝ ይይዙልኛል። እጃቸው ሥራ ሲይዝ የልጃቸውን የሕፃንነት ወሬ በአማርኛ ጀምረው በሲዳምኛ ይጨርሱታል።

አንድ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ከባሌ ጋር የዘመተውን የሰፈራችንን ልጅ በክራንች ቆሞ አየሁት። መመለሱን አልሰማሁም ነበር። ሮጬ ሳምኩትና ባሌ ደህና መሆኑን ጠየቅኩት። ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ባሌ ውጊያ ላይ አጠገቡ ወድቆ እንደሞተ ነገረኝ። ለሽማግሌዎች ተናግሯል፤ በነጋታው ጎህ ሲቀድ መጥተው ሊያረዱን ነው። እናት ደጋፊ ሰው ሳይከባት መርዶ አይነገራትምና እስከዚያ እንድችለው ለመነኝ።

ዓሣውን ሳልገዛ ተመለስኩ። አማቴ የአንዲት ሙሽራ ብርድ ልብስ ዘርግተው ይጠብቁኝ ነበር። ሠርጉ ደርሷል። ተቀመጥኩና መስፋት ጀመርኩ፤ ክሩ ተበጠሰ። ባላላው ከሥር ተንዠረገገ። ፈትቼ ባጠብቀው እንደገና ተበጠሰ። ቡሎኗን በነካሁ ቁጥር ጣቱ ትዝ ይለኛል፤ ዓይኔ ሲሞላ መርፌው ውስጥ ክር የማስገባ መስዬ አጎነብሳለሁ።

“ዛሬ እጅሽን ምን ነካው?” አሉኝ አማቴ።

“ክሩ ነው እማዬ። የማይረባ ክር ነው የሸጡልን።”

“ግድ የለም፤ መኪናዋን ልጄ ሲመጣ ያስተካክላታል።”

እንዲህ ስንበጥስና ስንቀጥል ዋልን። ከመተኛታችን በፊት አማቴ እንደ ወትሮው ተንበርክከው፣ እግዚአብሔር ልጃቸውን ከጥይት እንዲሰውርላቸው ጸለዩ። አሜን አልኩ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹና የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ተከታትለው ሲገቡ አማቴ ማንም ሳይናገር አወቁት። ደረታቸውን እየመቱ ልጃቸውን በቋንቋቸው ተጣሩ። ሰፈሩ ቤቱን ሞላው። የሙሽራዋ እናትም ለቅሶ ደርሰው፣ ሥራው ይቅር ብለው፣ ያላለቀውን ብርድ ልብስ ራሳቸው አጣጥፈው ወሰዱ።

ቀትር ላይ አማቴ ድምፃቸው ሲዘጋ በእጃቸው ጠሩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፊቴን ብዙ አዩት።

“ትናንት ታውቂ ነበር?” አሉኝ።

“አዎ፣ እማዬ።”

“ያን ሁሉ ሰዓት ብቻሽን?”

ነጠላቸውን አልብሰው ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አስደገፉኝ። ድምፄን አውጥቼ ያለቀስኩት ያኔ ነው።