ከወረቀቱ የሰረዝሁት ስም

ትኩሳቱ የጀመረሽ መቼ ነው? ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን የጠየቀኝ ይህን ነበር። ዛሬም መልሱን አላውቀውም። ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀን የማልጽፍለት ነገር የለም፤ የዘይት ጠርሙስ የከፈትሁበትን ዕለት እንኳ እጽፋለሁ። የራሴን ትኩሳት ግን አልጻፍሁትም። ከየት እንደ መጣ የማውቅ ስለ መሰለኝ ደበቅሁት።

የማስታውሰው ይህን ያህል ነው። ከምንኖርባት ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ስሠራ ከርሜ ተመለስሁ። ብርድ ብርድ አለኝ። የወባ መድኃኒት ዋጥሁ። ተሻለኝ። ተመለሰብኝ። ደግሜ ዋጥሁ። ፊቴና ክንዴ ሲከሱ ሆዴ በግራ በኩል እየከበደ ሄደ። ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ ሲሰፋኝ ወገቤ ላይ ጠበበኝ።

ወደ እርሻው ከመውረዴ በፊት ያደረግሁትን ልናገር። በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዳሴ በኋላ የሕሙማን ስም ይጠራል። ዲያቆኑ የክርስትና ስማቸውን ከወረቀት ያነባል፤ ሕዝቡ «እግዚኦ» ይላል። ስሞቹን በሳምንቱ ውስጥ ተቀብዬ ቅዳሜ በንጹሕ ወረቀት የምገለብጠው እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ተሰጠኝ። ከመተማና ከቋራ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ሳይቀሩ በሬን አንኳኩተው ያስጽፉኛል።

አንድ ቀን እታገኝ መጣች። ከጎንደር ከወላጆቻችን ጋር አብረን የወጣን ነን፤ ከልጅነት አውቃታለሁ። ሱዳናዊ አግብታ የአገሩ ሴቶች የሚጠቀለሉትን ቶብ መልበስ ከጀመረች ወዲህ ሰው ሁሉ «ሃይማኖቷን ለውጣለች» ይላት ነበር። ራሷን የጠየቃት ግን አልነበረም። ደጄ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ካላዛር ነው አሉኝ፣ የአሸዋ ዝንብ የሚያመጣው በሽታ፤ ነገ መርፌ እጀምራለሁ። ወለተ ሥላሴ ብለሽ ጻፊልኝ» አለችኝ።

እያየችኝ ጻፍሁ። ቅዳሜ ስገለብጥ ሰረዝሁት። ማንም አላዘዘኝም። ሥርዓት ያስከበርሁ መሰለኝ።

እንግዲህ ትኩሳቱ ሲበረታብኝ «ይኸው ፍርዱ» አልሁ። የራሴን ስም ወረቀቱ ላይ ለማስፈር እጄ እምቢ አለ። ሐኪም ዘንድም አልሄድሁም። አንድ ጠዋት አፍንጫዬ ደማ። ቶሎ አልቆመም። ልጆቼ እንዳያዩ ጨርቁን አጠብሁ።

በማግሥቱ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ አንድ ሰው ከኋላዬ ነጠላዬን ያዘ። እታገኝ ነበረች፤ ድና፣ ወፍራ።

«በዚህ ሙቀት እንዲህ የተጀቦንሽው ምን ሆነሽ ነው?»

«ወባ ናት።»

«ስንት ወር? ቤት ተከራየች እንዴ?»

መልስ ሳትጠብቅ እጇን ከግራ ጎድኔ በታች ሰደደች። ፊቷ ተለወጠ። «ጣፊያሽ ነው። የእኔም እንዲህ ነበር። ኻላስ፣ አበቃ፣ ቲማቲሙን ተይው።» ረክሻ ጠርታ አሳፈረችኝ።

ሆስፒታሉን በሱዳን ከተነሣው ጦርነት የሸሹ ሰዎች ሞልተውት ነበር። ከጣቴ ደም ወሰዱ። ካላዛር። ሐኪሙ፣ «ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ወባ ነው ተብሎ ዝም አይባልም። ትንሽ ቆይተሽ ቢሆን አናገኝሽም ነበር» አለኝ።

ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን። በቀን ሁለት መርፌ። አሥራ ሰባት ቀን። አስመለሰኝ። መገጣጠሚያዬ ሁሉ ታመመ። በአምስተኛው ቀን መቀመጥ አቃተኝ። እታገኝ በየቀኑ ሾርባ ታመጣለች። ዓይኔን ከሳህኑ ላይ አላነሣም ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ፣ መምሬ፣ ሊጠይቁኝ መጡ።

«ልጄ፣ የሁሉን ስም ስትጽፊ የአንቺ ለምን ጠፋ?»

«ፍርድ መስሎኝ ነው፣ መምሬ።»

«አንቺ ጸሐፊ ነሽ ወይስ ዳኛ? እኔ ራሴ ስም እንድጠራ እንጂ እንድፈርድ አልተሾምሁም። የመጨረሻው ቃል የፈጣሪ ነው፤ ተይለት።»

በሽታዬ ፍርድ ይሁን አይሁን እሳቸውም አልነገሩኝም። ያን እሑድ ስሜን አስጠሩልኝ። ስለ ሰረዝሁት ስም ግን ለእሳቸውም አልነገርሁም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተቃለለ፤ መጀመሪያ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ቀጥሎ የእንጀራ ሽታ የማያስጠላኝ ሆነ፣ ጣፊያዬም ሐኪሙ በእጁ ሲለካው ከሳምንት ሳምንት ወደ ቦታው እየሸሸ ሄዶ፣ አንድ ቀን ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሳላርፍ መሄዴን የተረዳሁት በሩ ላይ ከደረስሁ በኋላ ነው።

አሁን ይህን ለምታነቡ ሕሙማን የምለው አለኝ። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ የካላዛር ምርመራ ጠይቁ። መርፌውን ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ከዳናችሁ በኋላ ፊታችሁ ላይ ነጠብጣብ ቢወጣ ተመለሱ፤ እኔም ወጥቶብኝ ነበር። በሽታችሁን የፍርድ ወረቀት አድርጋችሁ አታንብቡት፤ የፈራጁ ጽሕፈት በእኛ ዓይን አይነበብም። ስም ለመጻፍ የተቀመጣችሁ ደግሞ የተነገራችሁን ሁሉ ጻፉ። ለሐኪሙ፣ ለነርሶቹ፣ ስሜን ሰምቶ «እግዚኦ» ላለው ሕዝብ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ለእታገኝ ግን ምስጋና ብቻውን አልበቃም።

በስድስተኛው ወር ለመጨረሻው ምርመራ ስሄድ አብራኝ መጣች። ከኒም ዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን።

«እታገኝ፣ ስምሽን ሰርዤው ነበር» አልኋት።

የቶቧን ጫፍ አስተካከለች።

«አውቃለሁ። ያን እሑድ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። እስከ መጨረሻው ስም ድረስ ሰማሁ።»

«ታዲያ ገበያ ላይ ለምን…»

«ታመሽ ነበራ! ምን ላድርግ?»

ይቅር ብላኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ዓይኗ ድረስ አልደረሰም።

«እሱን ባለቤቱ ፊት ስንቆም እንነጋገራለን» አለችኝ። «አሁን ተነሽ፣ ተራሽ ደረሰ።»