ሁለት ዓመት ሙሉ የታወጀው የዊበ ፕሮግራም

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ። በሆላንድ አገር፣ በሜፐል ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የምትሰበሰቡ ሠላሳ አንድ የኮሜት ኮምፒውተር ወዳጆች በሙሉ! ኮሜትን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ስምንት ዓመት ቢያልፈውም፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው፣ የሂልትየ ባል፣ ታላቁ ዊበ ቴርፕስትራ የሙዚቃ ኖታ የሚያትም ፕሮግራም ሊያወጣላችሁ ነውና የማተሚያችሁን አቧራ አራግፋችሁ ጠብቁ።

ይህ አዋጅ፣ ቃሉ ትንሽ ለዘብ ብሎ፣ በፈረንጆቹ 1992 ጸደይ በክበቡ መጽሔት ወጣ። መጽሔት ማለታችን በስቴፕለር የተያዘ ስምንት ቅጠል ወረቀት ነው። አዘጋጁ ኤቨርት የሦስተኛው ገጽ ግማሽ ባዶ ቀርቶበት «የምትሠራው ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው፤ ዊበም «አለ» አለ። «መቼ ይደርሳል?» ሲለው ደግሞ «ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው» አለ። ስንቱ በወርቅና በሥልጣን ሲፈተን፣ ዊበን ግማሽ ገጽ ጣለው።

እንዳንበድለው እውነቱን እንናገር፤ ባዶ እጁን አልነበረም። ፍሎፒውን ስትከት ስክሪኑ መሐል አንድ ትልቅ የኖታ ምልክት ይሽከረከራል፤ ከሥሩም «ደራሲ፦ ዊ. ቴርፕስትራ» ይላል። ምልክቱን ማሽከርከር ብቻ ስድስት ሳምንት ፈጅቶበታል። የፈለግከውን ቁልፍ ብትነካ ምልክቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፕሮግራሙ ይኸው ነው። አርባ ገጽ የአጠቃቀም መመሪያም ነበረው፤ ማውጫ ሳይቀር። «ላም አለኝ በሰማይ» ያለው ሰውዬ እንኳ ስለ አስተላለቧ መመሪያ አልጻፈም።

በጋው ገባ፤ ፕሮግራሙ አልወጣም፤ እትም አንድ ነጥብ አንድ ታወጀ። መኸር ላይ አንድ ነጥብ ሁለት ተተካ፤ «ባለፈው እትም የታየው ስሕተት ታርሟል» ይላል። ማን አየው ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲያውም ኼርበን የሚባል አባል ያ ስሕተት እሱንም ክፉኛ አስቸግሮት እንደነበር በስብሰባ ላይ ተናገረ።

ይህ ሁሉ ለሳቅ ብቻ በሆነ ነበር፤ ግን ክበቡ ሕግ አለው። የትም አልተጻፈም፤ ማንም ግን አይጥሰውም። አንድ አባል «ይህን እየሠራሁ ነው» ብሎ በመጽሔቱ ካወጀ፣ ሌላው በዚያ ነገር ላይ እጁን ይሰበስባል። መሻማት ነውር ነው። አዋጁ የሚነሣው ባለቤቱ ራሱ በሁለተኛው ገጽ «ትቼዋለሁ» ብሎ ሲያሳትም ነው። ክበቡ ከተመሠረተ ወዲህ ይህን ቃል ያሳተመ የለም። በዚህ የተነሣ በሜፐል ታውጀው የቀሩ አሥራ አንድ ፕሮግራሞች አሉ። የአንዱ ባለቤት ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አሁንም ደፍሮ የሚነካው አልተገኘም።

በሁለተኛው ዓመት የካቲት ላይ ዊበ የእትዬ ፍራውክየን ቆጣሪ ሊያነብ ሄደ። ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው፤ ዊበንም በልጅነቱ ዋሽንት አስተምረውት ተስፋ ቆርጠውበታል። በክበቡ ከኋላ ተቀምጠው ሹራብ እየሠሩ ዝም የሚሉ አባል ናቸው። ቆጣሪያቸው ከደረጃው ሥር ነው። ዊበ አጎንብሶ ባትሪውን ሲያበራ፣ ከቆጣሪው አጠገብ የፍሎፒ ሣጥንና ክምር ወረቀት አየ። የመዝሙር ኖታ ነው፤ ባለ አራት ድምፅ፣ እያንዳንዱ ኖታ አውራ ጣት የሚያህል፣ በኮሜት ማተሚያ የታተመ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«እሱማ የኔው ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ዓይን እየደከመ የመጽሐፉ ኖታ አልታይ ሲላቸው የሠራሁት ፕሮግራም ነው።»

«ይሠራል?»

«ምን ይሆናል ብለህ? በዚያ ጸደይ ላሳያችሁ ለሁሉም ፍሎፒ ገልብጬ ነበር። በሳምንቱ መጽሔቱ ሲመጣ ያንተ ታውጇል። ተውኩት።»

«ያተሙትን እንኳ ለመዘምራኑ ማደል ይችሉ አልነበር?»

«ኤቨርት እዚያው ይዘምራል፤ ባየኝ ምን ይላል? ደግሞ ያንተ ይሻላል። የኔ አራት ድምፅ ነው፤ ያንተ ስድስት ይላል።»

ዊበ ስድስት ያለው ከአራት ይልቅ ለዓይን ሞላ ስላለለት ነበር።

«ከመዘምራኑ ሦስቱ መምጣት ትተዋል» አሉ እትዬ ፍራውክየ። «ኖታው ካልታየን ምን እንሠራለን ብለው። ለፋሲካ የዊበ ይደርሳል ብያቸዋለሁ። ይደርሳል አይደል?»

ዊበ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው።»

አንድ ብስኩት ሰጡትና የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደኑ።

ቤቱ ሲገባ ሂልትየ ድንች እየላጠች ነበር። «ምነው፣ ቆጣሪው ነከሰህ?»

«የእትዬ ፍራውክየ ፕሮግራም ይሠራል።»

«ያንተስ?»

«ይሽከረከራል።»

«እንግዲያ ትቼዋለሁ ብለህ ጻፋ። አንዲት ቃል ናት፤ ወረቀት ላምጣልህ?»

አመጣችለት። ዊበ «ትቼዋለሁ» ብሎ ጻፈ። ቃሏን ሲያያት በሰፊው ወረቀት ላይ ብቻዋን ቆማ ራቁቷን የቀረች መሰለችው። አፍሮ ከፊቷ «ለጊዜው» አከለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ደግሞ እስከ መቼ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ስለዚህ «እትም ሁለት እስኪጠናቀቅ» ብሎ ቀጠለ። እትም ሁለት ከተነሣ ዘንድ ምን እንደሚችል መናገር ግድ ነው። መጽሔቱ ሲወጣ እንዲህ ይላል፦ «እትም ሁለት! ስምንት ድምፅ፤ ከመዘምራን ጋር በተደረገ ምክክር ኖታው በትልቁ ይታተማል። ከፋሲካ በኋላ ይጠብቁ።» አዳራሹ አጨበጨበ። ኼርበን ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ። እትዬ ፍራውክየ አንብበው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ሹራባቸው ተመለሱ።

የፋሲካ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ከመዘምራኑ ወንበሮች ሦስቱ ባዶ ነበሩ። ዊበ ከኋላ ተቀምጦ ቆጠራቸው፤ መቁጠር ሥራው ነው።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የዊበ እጅ ስለከበደ አንዲት ፖስታ ካርድ ግዛና ለኤቨርት ጻፍልን። በዊበ ስም «ትቼዋለሁ» በል፤ ከፊቷም ከኋላዋም ምንም አትጨምር። ግን ብዕሩን ከማንሣትህ በፊት፣ አንተው ራስህ «ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው» ያልክበትን፣ ሰው አምኖህ እጁን የሰበሰበበትን ያንን ነገርህን እባክህ በቅድሚያ ወይ ጨርሰው፣ ወይ…