ያደታን የሚቃወም አለ?

ያደታ በመቱና በያዮ መካከል ሚኒባስ ሲነዳ ዓመታት አልፈዋል። ደግነቱን ሁሉም ይመሰክራል፤ ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ሲያደርስ ሂሳብ አይቀበልም። ምላሱን ግን ጌታ ይጠብቀን! ላም መንገድ ከዘጋችበት ላሚቱን፣ ባለቤቷንና ያሳደጋትን መንደር አንድ ላይ ይሰድባል። ወዳጆቹ «አመል ያወጣል ከመሐል» እያሉ ሲቀልዱበት አብሯቸው ይስቃል።

እንግዲህ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት የተመረጠው ይህ ሰው ነው። «ሰው ጠፍቶ ነው?» ብሎ መጋቢ ፋኦልን ሲጠይቃቸው፣ «ሰው ሞልቷል። የተጠራኸው አንተ ነህ» አሉት። እየፈራ እሺ አለ። ካመነ ጀምሮ ለጌታው አንድ ነገር መሥራት ይመኝ ነበርና እምቢ ማለት አልቻለም። በደንቡ መሠረት የተመረጠ ሰው ስሙ ሁለት እሁድ ይነበባል፤ በሁለተኛው «ተቃውሞ ያለው አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ዝም ከተባለ ጸደቀ ማለት ነው።

የመጀመሪያው እሁድ በሰላም አለፈ። ያደታ ከዚያ ወዲህ አፉን ቢዘጋ ተሳፋሪው «ምነው፣ አሞታል እንዴ?» ይባባል ጀመር። በገበያ ቀን ግን በመንገዱ መካከል የምትገኘው የሁሩሙ ከተማ ባለሱቅ ጋሼ ሰማን አንድ ጄሪካን ማር ይዘው ከያዮ ተሳፈሩ። ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ማሩ አዲሱ የወንበር ልብስ ላይ ፈሰሰ። ያደታ መኪናውን ቀጥ አድርጎ አቆመ።

«አንተ ጃጅተሃል እንዴ? ውረድ!»

ሽማግሌውን ከነጄሪካናቸው ዝናብ ላይ ጥሎ ሄደ። ሁሩሙ ገና ሩቅ ነበር። በመስታወት ሲያያቸው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። ልመለስ አለ፤ ተሳፋሪውን አፈረና ሳይመለስ ቀረ። ከኋላ ወንበር ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አንዷ፣ ወርቅውሃ፣ ተቀምጣ ሁሉንም አይታለች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ገለኔ ወሬውን ከአንድ ተሳፋሪ ሰምታ መጣች።

«ማሎ፣ እባክህ ያደታ፣ ዛሬውኑ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃቸው።»

«ከእሁድ በኋላ» አላት። አሁን ከሄደ ሁሩሙ በሙሉ ያውቃል፤ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ከደረሰ ደግሞ ሹመቱ ቀረ። የከፋው ነገር ይህ ነበር፤ ስድቡስ በንዴት የወጣ ነው፣ ይሄን ግን አስቦበት ነው ያደረገው። እሱም ያውቀዋል።

እሁድ ደረሰ። መጋቢ ፋኦል ስሙን አነበቡና «ተቃውሞ ያለው አለ?» አሉ። የያደታ ዓይን ወርቅውሃ ላይ ተተከለ። እሷ ግን ቀና አላለችም፤ ጥፋቱ የራሷ ይመስል አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች። የእሱን ነውር ተሸክማለት ተቀምጣለች። ይህንን ሲያይ መቀመጥ አቃተው።

«እኔ አለኝ» አለ ተነሥቶ። ያደረገውን ሁሉ ተናገረ፤ «ከእሁድ በኋላ» ያለውንም አልደበቀ።

ጉባኤው አጉረመረመ። መጋቢ ፋኦል ግን፣ «ስምህን አንሰርዘውም፣ አናጸድቀውምም። መጀመሪያ ጋሼ ሰማን ዘንድ ሂድ» አሉት።

ሁሩሙ ሲደርስ መኪናውን ሱቁ ደጃፍ አቁሞ ገባ። ጋሼ ሰማን ለአንድ ገዢ ስኳር እየመዘኑ ነው። ያደታ ባንኮኒው ሥር ጉልበታቸውን ሊይዝ ጎንበስ ቢል በእጃቸው ከለከሉት።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ዝናብ ላይ ጣልኩዎት፤ አዋረድኩዎት።»

«ያን ቀን በእግሬ መጥቼ ጉልበቴ እስከዛሬም ያመኛል» አሉ ከሚዛኑ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «ለሹመትህ ብለህ ነው የመጣኸው?»

አይደለም ማለት ይቻል ነበር።

«እሱም አለበት፣ ጋሼ።»

ያኔ ቀና ብለው አዩት።

«ከእንግዲህ ሰው አትሳደብም?»

ያደታ ሊምል አፉን ከፈተ። ከዚያ ያንን መንገድ፣ ላሞቹን፣ ራሱን አሰበ።

«እሳደብ ይሆናል ጋሼ። እፈራለሁ።»

ሽማግሌው ስኳሩን ቋጥረው ለገዢው ሰጡ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ይቅር ብያለሁ» አሉት። «የተሳደብክ ቀንም እንዲሁ ተመልሰህ ና።»