የሺሃረግና የተቃጠለው ቫልቭ

ቴፒ ውስጥ የሺሃረግን ምሳ የሚጋብዝ ሰው አስቀድሞ ልቡን ማጠንከር አለበት። ገበታው ቀርቦ ሳለ ዓይኗ ሲጋራ መተርኮሻው ላይ ካረፈ በቃ፣ ምሳው ቀረ። የትራክተር ፒስተን ነው ትላለች፤ ታገላብጠዋለች፣ በመዳፏ ትመዝነዋለች፣ ከየትኛው ትራክተር እንደወጣ ትዘረዝራለች። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እሷ ግን ነገር ዓለሙን ረስታለች። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም መቼም። የድሮው ቡና እርሻ ማሽኖች አርጅተው ሲጣሉ ብረታቸው የትም አልሄደም፤ የበር መደገፊያ፣ የበግ ካስማ፣ የወጥ ቤት ዕቃ ሆኖ በየሰዉ ቤት ገባ። በከተማችን የሞተር ብረት ያልገባበት ግቢ አለ ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

የሺሃረግ ከማጂ ወርዳ ውዳቂ ብረት መነገድ ስትጀምር ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃምሳን አልፋለች። ትምህርት ቤቷ መዶሻና ካቻቢቴ ናቸው፤ ስትፈታ፣ ስትለያይ፣ ስትመዝን አወቀችው። አንገቷ ላይ ከተበላሸ ራዲዮ የወጣ ማግኔት በክር አንጠልጥላለች፤ የማያውቋት ክታብ ይመስላቸዋል። የቆየ የመፍቻ ቁልፍ ብታሳዩዋት በእንግሊዝ ልክ የተሠራ ይሁን በሚሊሜትር፣ ዳዶ ላይ ሳታስገባ አፉን በጣቷ ዳስሳ ትነግራችኋለች። ታዲያ እኔ ነኝ ያሉ መካኒኮች ሁሉ "ቆራሌዋ" ከማለት አልፈው አያውቁም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ነው። ንጋቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ትንሽ የቡና መፈልፈያ አላት። አንድ ቀን ጠዋት ገበሬዎቹ እሸት ቡናቸውን አምጥተው ገንዳዋን ሞልተው ሳለ መብራት ጠፋ። መጠባበቂያ የነበረው የጥንት የእንግሊዝ ሞተር ደግሞ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል፤ ከቦካ የዓመት ልፋት ነው ገደል የሚገባው። ንጋቷ ገንዳው ዳር ቆማ እጇን እያፋተገች መካኒኩን ሲላስን ታያለች፤ ሲላስ ደግሞ ሞተሩን ከፍቶ አንገቱን ይነቀንቃል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ ያ ዘንግና ክብ ራስ ያለው ከፋች ዘጊ ብረት፣ ጠርዙ ተቃጥሎ ተበልቷል። ጅማም አዲስ አበባም ደወለ፤ የዚህ ሞተር ዕቃ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል ተባለ።

በመጨረሻ ንጋቷ የሺሃረግን አስጠራች። የሺሃረግ እንደደረሰች ቡናውንም ንጋቷንም አላየችም፤ ያየችው የሞተሩን ዳዶዎች ነው። ሲላስ በሚሊሜትር ቁልፍ ሲታገል ጠርዛቸውን አሟልጯቸዋል። ይህ በእንግሊዝ ቁልፍ ነው የሚፈታው ብላ ልክ ልኩን ነገረችው። ከዚያ የተቃጠለውን ቫልቭ ተቀብላ አንዴ ከፍ ዝቅ አደረገችው፣ ፊቷም ወዲያው በራ። የዚህን ሞተር ሁለት እህቶች ከድሮው እርሻ ገዝታ፣ በገዛ እጇ ፈታትታ ሸጣለች። አራት ቫልቮች ወጥተው ነበር። ሦስቱ ለማቅለጫ ተጭነው ሄዱ። አራተኛውን ግን ሩሐማ ምግብ ቤት ስትከፍት መመረቂያ ብላ ሰጥታታለች፤ ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዘነዘና ሆኖ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጥበታል።

ባጃጅ ተጠርቶ የሺሃረግና ሲላስ ከተማ ገቡ። ሩሐማ ጋ ምሳ ሰዓት ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል። የሺሃረግ ሰላምታም ሳትሰጥ በቀጥታ ወጥ ቤት ገብታ ቫልቩን ከሙቀጫው መዘዘችው። ሩሐማ ማማሰያዋን እንደያዘች ደረሰችና እጇን ያዘቻት። ወጤ የሚጣፍጠው በሱ ነው፣ የሰጡትን መንጠቅ ምን የሚሉት ነውር ነው ብላ ወረደችባት። የሺሃረግ አልተቆጣችም።

"ሩሐማዬ፣ የንጋቷ ቡና ዛሬ ካልተፈለፈለ ይበሰብሳል" አለቻት።

ሩሐማ እጇን ለቀቀች። ግን ገና ነበር። የሰጠቻት ቫልቭ የአየር ማስገቢያው ይሁን የጭሱ፣ የሺሃረግ አታስታውስም። የአየሩ ከሆነ ለምንም አይረባም። የአየሩን ማግኔት ይስበዋል፣ የጭሱን አይስበውም። ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ማግኔቱን የቫልቩ ራስ ላይ አስቀመጠችው፤ ብረቱንም ቀስ ብላ አዘነበለችው። ማግኔቱ ተንሸራቶ ሽንኩርቱ ላይ ወደቀ። ሲላስ በደስታ ጮኸ፣ ሩሐማም ምን እንደተፈጠረ ሳይገባት አብራ ጮኸች። ንብረቴን ዓይኔ እያየ ነው የሚወስዱት ብላ ባጃጁ ላይ የወጣችው ወጡን ለረዳቷ ትታ ነው።

ሲላስ ቫልቩን ልክ እንዲገጥም በመፈተጊያ ቅባት ሁለት ሰዓት ያህል ሲፈትግ ቆየ። የሺሃረግ ከቤቷ ያስመጣችውን የእንግሊዝ ቁልፍ ይዛ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ሠራተኞች የሞተሩን ማስነሻ እጀታ፣ ማኖቬላውን፣ ይዘው አዞሩ። አስነጠሰ። ደግመው አዞሩ። በሦስተኛው ጊዜ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ ዱክ ዱክ እያለ ተነሣ፣ መሬቱም ራደ። የመጀመሪያው ጭስ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት እንደነበር ሲላስ እስከ ዛሬ ይምላል። ቀበቶው ተሳበ፣ መፈልፈያው ዞረ፣ ቀዩ ቡና ገብቶ ነጩ ፍሬ በቦዩ መፍሰስ ጀመረ። ንጋቷ እልል አለች፣ ገበሬዎቹም ጆንያ ጥለው እየሮጡ መጡ። ሲላስ በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብሎ የሺሃረግን እጅ ነሣት።

እሷ ግን አላየችውም። መዳፏን የሞተሩ ጎን ላይ አሳርፋ ቆማለች፤ የሞተሩ ንዝረት በክንዷ እስከ ትከሻዋ ይወጣል። የዚህን ሞተር እያንዳንዱን ብረት ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች፤ ሲሠራ ግን በዕድሜዋ ሰምታው አታውቅም።

"እትዬ የሺ፣ ምነው?" አላት ሲላስ።

"እነዚያን ሁለት ሞተሮች" አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፤ "ከመፍታቴ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ አዙሬ አልሞከርኳቸውም።"